ካያኳ ሆድ ውስጥ የከተትነው ጋቢ

ባልና ሚስት ነን። ካምፓላ፣ ካንሳንጋ እንኖራለን፤ ነጠላ፣ ጋቢና በርበሬ እያመጣን እንሸጣለን። በቡሲያ ኬላ መመላለስ ከጀመርን ዓመታት አልፈዋል። ባለፈው ጊዜ ግን በሰው ዕቃ አፈርን። እናንተም በዚያው መንገድ ስለምትመላለሱ እንንገራችሁ።

የእህታችን ልጅ ከውጭ አገር ናይሮቢ መጥቶ ነበር። ጂንጃ ላይ ዓባይን ሊቀዝፍ የራሱን ካያክ ይዟል፤ እንደ ጣና ታንኳ ጠባብ፣ ግን ከፕላስቲክ የተሠራች የአንድ ሰው ጀልባ ናት። ሄደን ተቀበልነውና መኪናችን ጣሪያ ላይ አሰርናት።

ማታ እሱ ሲተኛ የካያኳ ሆድ ባዶውን መሄዱ ቆጨን። የነጋዴ ዓይን ባዶ ቦታ አይወድም። በሞያሌ በኩል የመጣልንን 12 ጋቢ ጠቅልለን ወደ ውስጥ ገፋን፤ አፏንም በመሸፈኛዋ ዘጋን። ለልጁ አልነገርነውም።

ቡሲያ የአንድ ማቆሚያ ኬላ ነው፤ ከኬንያ የሚመጣ ሰው የሁለቱንም አገር ጉዳይ ኡጋንዳ በኩል ይጨርሳል። የጉምሩክ ሠራተኛው ስለ ካያኳ ሲጠይቅ ልጁ ቀደመን፦ «የግሌ ናት። ስመለስ ይዣት እወጣለሁ። ውስጧ ምንም የለም።»

መልሱ ትክክል ነበር። የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ የጉምሩክ ሕግ ጎብኚ ለራሱ መገልገያ አምጥቶ ሲሄድ ይዞት የሚወጣውን ዕቃ ቀረጥ አያስከፍልም። ያበላሸነው እኛ ነን።

ሠራተኛው መሸፈኛውን ገልጦ ባትሪ አበራ። አንድ ጋቢ ሳበ፤ ሁለተኛ፤ ሦስተኛ። «ይሄ ጀልባ ነው ወይስ መጋዘን?» ሲል በዙሪያው የቆመው ሁሉ ሳቀ። ልጁ አልሳቀም። ዞር ብሎ አየን።

ጋቢው የእኛ መሆኑን ተናገርን፤ ቀረጡንም ቅጣቱንም ከፈልን። ከዚያ በኋላ ግን ካያኳም ለሽያጭ የመጣች መሰለች። የግዢ ደረሰኝ፣ ሲቀዝፍባት የተነሣውን ፎቶ፣ ሰውነቷ ላይ የታተመውን መለያ ቁጥር እያሳየ አምስት ሰዓት ቆመ። በመጨረሻ ይዟት እንደሚወጣ የሚገልጽ ወረቀት ተሰጥቶት አለፍን።

እስከ ጂንጃ ማንም አልተናገረም። የዓባይን ድልድይ ስንሻገር፦ «ጋቢው ምንም አይደል አክስቴ፤ ብትነግሩኝ ኖሮ ሰው ፊት አልዋሽም ነበር» አለ። መልስ አጣን።

እንግዲህ የግል ዕቃ የምታሻግሩ ወገኖች፣ ደረሰኙንና ፎቶውን በእጃችሁ ያዙ፤ የመውጫ ወረቀቱን አትጣሉ። የሚሸጥ ዕቃ ካላችሁ ለብቻው አድርጋችሁ ቀድማችሁ አስመዝግቡ። ከቤተሰብ ዕቃ ጋር አትቀላቅሉ።

በመመለሻው ቀን ልጁ ካያኳን ከመጫናችን በፊት ባትሪ አብርቶ ውስጧን አየ። ምንም አላልነውም፤ ገመዱን ያዝንለት።