ፈረስ ብቻ የተንቀሳቀሰበት ጨዋታ

በቼዝ ጨዋታ አቻ ካለቀ እያንዳንዱ ተጫዋች ግማሽ ነጥብ ያገኛል። በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. በኡዝቤኪስታን ሳማርካንድ በተካሄደው የዓለም ብሊትዝ ሻምፒዮና ግን ዳኒል ዱቦቭና ኢያን ኔፖምኒያቺ አቻ ወጥተው ለሁለቱም ዜሮ ተሰጣቸው።

ጥፋቱ ገና ከአጀማመሩ ይታያል። ቼዝ ሲጀመር ወታደር ይገፋል፣ መሐል ሜዳው ይያዛል፣ ንጉሡ ከለላ ይበጅለታል። ሁለቱ ሩሲያውያን ግን አንድም ወታደር አልነኩም። አንዱ ፈረሱን ሲያነሳ ሌላው እንደ መስታወት እየደገመ ፈረሶቻቸውን ብቻ አዞሩ። ከ13 እርምጃ በኋላ አቻ ተባባሉ። ዋናው ዳኛ ይህ አስቀድሞ የተስማሙበት ውጤት ነው ብሎ ነጥቡን ነጠቃቸው።

ውሳኔው ትክክል ነው። በውድድር ውስጥ ግማሽ ነጥብ የሁለት ሰዎች የግል ገንዘብ አይደለም። ከጎናቸው ለዚያችው ግማሽ ነጥብ የሚያልበው ሌላ ተጫዋች አለ።

ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። የበርሊን መከላከያ በሚባለው አጀማመር ውስጥ ታላላቆቹ ሁሉ በቃላቸው የሚያውቁት መስመር አለ። ንግሥቶቹ ወዲያና ወዲህ ይመላለሳሉ፣ አንዱ አቀማመጥ ሦስት ጊዜ ይደገማል፣ በ14 እርምጃ አካባቢ ጨዋታው በአቻ ያልቃል። ማንም ሳያስብ፣ ማንም ሳይደክም። ለዚህ ግን ግማሽ ነጥቡ ይጻፋል፤ የሚጠይቅም የለም። ልዩነቱ አንዱ ጨዋታ መስሎ መታየቱ ብቻ ነው።

ልክ በዓመቱ፣ በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. ኒውዮርክ ላይ፣ ያው ኔፖምኒያቺ ለብሊትዙ ፍጻሜ ከማግነስ ካርልሰን ጋር ተቀመጠ። 3.5 ለ 3.5 ሲሆኑ ካርልሰን ዋንጫውን እንካፈል አለ፤ ዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን ፊዴም ፈቀደ። ካርልሰን ፊዴ እምቢ ካለ አጫጭር አቻ እየተጫወትን እንቀጥላለን ሲል በቪዲዮ ተሰማ፤ በኋላ ቀልድ ነበር አለ። ቀልድም ይሁን ቁም ነገር፣ ሳማርካንድ ላይ ስምምነት ዜሮ አስገኘ፤ ኒውዮርክ ላይ ወርቅ።

ዳኛ የሰውን ልብ ሊያነብ አይችልም። ስለዚህ መፍትሔው ቅጣት ሳይሆን የነጥብ አሰጣጡ ነው። የኖርዌይ ቼዝ ውድድር አቻ የወጡትን ወዲያው በሌላ ጨዋታ ያፋልማቸዋል፤ አቻ ማረፊያ መሆኑ ይቀራል።

ያ እስካልሆነ ድረስ ሕጉ የሚቀጣው የተስማማውን ሳይሆን መስማማቱን መደበቅ ያልፈለገውን ነው። እንዲህ ያለ ሕግ ሐቀኝነትን አያስተምርም፤ ትወናን እንጂ።