«ኢ-5» የሰው መጠሪያ ነውን?



በአሜሪካ የጦር ኃይል ውስጥ የሚያገለግሉ ልጆች ያሏቸው ወገኖቻችን ከቅርብ ዓመታት ወዲህ አንድ አዲስ አነጋገር አምጥተዋል። «ልጄ ኢ-5 ሆነ»፣ «የእገሊት ባል እኮ ኦ-3 ነው» ይባላል። በኒካህ ድግስ ላይ፣ በዒድ ማግስት ቡና ላይ፣ ከባሕር ማዶ በሚደወል ስልክ ላይ ሰምተነዋል። ሰሚው ምን ማለት እንደሆነ ባያውቅም ቁጥሩ ከፍ ያለ ከመሰለው «ማሻአላህ!» ይላል። ነገሩን ጠጋ ብሎ ላየው ግን ይህ ፊደልና ቁጥር የማዕረግ ስም አይደለም፤ የደመወዝ እርከን ነው።

ሙስሊም በእንዲህ ያለ ጦር ውስጥ ስለማገልገሉ ዑለሞች የተናገሩት ብዙ ነው፤ የዛሬው ርዕሳችን እሱ አይደለም። ልጆቹ እዚያ ናቸው፣ ወላጆቻቸው እዚህ ናቸው። ምን ብለን እንጥራቸው? ጥያቄው ይኸው ነው።

አሠራሩ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1949 በወጣው የአሜሪካ የወታደር ደመወዝ ሕግ ነው። «ኢ» ወታደሮችንና የበታች ሹማምንትን፣ «ኦ» መኮንኖችን ያመለክታል። በ1958 ደግሞ ኢ-8 እና ኢ-9 ተጨመሩ። ምድር ጦሩ፣ ባሕር ኃይሉ፣ አየር ኃይሉና ማሪኑ እያንዳንዳቸው የራሳቸው የማዕረግ ስም ስላላቸው ሁሉንም በአንድ ሠንጠረዥ ለመክፈል የጋራ ቁጥር አስፈልጓል። ለገንዘብ ያዥ መልካም ነገር ነው። ሁለት መሥሪያ ቤቶች ሲጻጻፉም ለማነጻጸር ይጠቅማል፤ ይህን አንክድም። ለምሳሌ ምድር ጦሩ ውስጥ ካፒቴን ማለት ኦ-3 ነው፣ በእኛ ሻምበል። በባሕር ኃይሉ ግን ካፒቴን ኦ-6 ነው፤ ይኸውም በምድር ጦሩ ከኮሎኔል ጋር የሚስተካከል ነው። ስለዚህ «ካፒቴን» የተባለውን ሁሉ «ሻምበል» ብሎ የሚተረጉም ሰው የመርከብ አዛዡን ሳያውቅ ዝቅ አድርጎታል። ስታፍ ሰርጀንትም በምድር ጦሩ ኢ-6፣ በአየር ኃይሉ ኢ-5 ነው።

ቁጥሩ የሚያጋጭ ስምን እንዲህ ያስታርቃል። ግን ይሸፍናልም። በምድር ጦሩ የኢ-4 ደመወዝ የሚከፈላቸው ሁለት ዓይነት ሰዎች አሉ፤ አንዱ ስፔሻሊስት ይባላል፣ ሌላው ኮርፖራል። ገንዘባቸው እኩል ነው። ስፔሻሊስቱ ሙያውን የሚያውቅ ወታደር ሲሆን ኮርፖራሉ ግን የበታች ሹም ነው፤ በሥሩ ላሉት ተጠያቂ ነው። ኢ-8 ላይም እንዲሁ ማስተር ሰርጀንትና ፈርስት ሰርጀንት አሉ። ፈርስት ሰርጀንቱ የአንድ ሻምበል ጦር ወታደሮች ሁሉ ችግራቸውን ይዘው የሚመጡበት ሰው ስለሆነ፣ ሌሎቹ ሰርጀንቶች በአጭሩ «ሰርጀንት» ቢባሉ እንኳ እሱ ሙሉ ስሙ ይጠራለታል። «ኢ-8» ያለ ሰው ግን ይህን ሁሉ ሸክም በአንድ ቁጥር ደምስሶታል።

እኛ አማርኛ ተናጋሪዎች ደግሞ ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። አሥር አለቃ፣ ሃምሳ አለቃ፣ መቶ አለቃ! ስሙ ራሱ ስንት ሰው በእጁ እንዳለ ይናገራል። ሻለቃም ቢሆን ሺ አለቃ ነው። (ተማሪዎቻችን ይህን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ስንፈታላቸው ሁልጊዜ ይገረማሉ፤ ዕድሜ ልካቸውን ሲሉት ኖረው «ሺ»ን እዚያ ውስጥ አላዩትም።) ዛሬ የጦር ክፍሎች ቁጥር ከስሙ ጋር ልክ ለልክ አይገጥምም፤ ሐሳቡ ግን አልጠፋም። ሕዝባችን ሻምበል አበበ ቢቂላ፣ ሻለቃ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ፣ ኮሎኔል ደራርቱ ቱሉ ሲል የደመወዝ ደረጃቸውን ጠይቆ የሚያውቅ አለን?

ወደ ዐረብኛው ብንሻገርም ያንኑ እናገኛለን። ዛሬ በብዙ የዐረብ አገሮች ጦር ውስጥ «ዐሪፍ» የበታች ሹም ማዕረግ ነው። ጦበሪ እንደዘገበው በቃዲሲያ ዘመቻ ሰዕድ ኢብኑ አቢ ወቃስ (ረ.ዐ.) በየአሥሩ ሰው ላይ አንድ ዐሪፍ ሾመው ነበር። አሥር አለቃ ማለት ነው እንግዲህ! ዛሬ ሻምበሉ የሚጠራበት «ነቂብ» የሚለው ስምም ቢሆን፣ በዐቀባ ቃል ኪዳን ጊዜ ስለ ወገኖቻቸው ተጠሪ የሆኑት 12 የመዲና ሰዎች የተጠሩበት ነው።

ደመወዝ በዚያ ዘመን አልነበረም እንዳይባል፣ ነበረ። ኸሊፋው ዑመር (ረ.ዐ.) ዲዋን የተባለውን መዝገብ አቋቁመው ለሙስሊሙ ጦር ድርጎ ቆርጠዋል። ደረጃም ነበረው፤ ለእስልምና ቀድሞ የደረሰና የታገለ ይበልጥ ያገኝ ነበር። የበድር ሰዎች በዓመት 5,000 ዲርሃም እንደተቆረጠላቸው የታሪክ መጻሕፍት ያወሳሉ። እነዚያ ሰዎች ታዲያ በምን ተጠሩ? «በድሪ» ተባሉ። «ባለ አምስት ሺው» ብሎ የጠራቸው ሰው ታሪክ አላቆየልንም። መዝገቡ ዲዋን ውስጥ ቀረ፤ ስሙ ከሰዎቹ ጋር ሄደ።

የኡሳማ ኢብኑ ዘይድ (ረ.ዐ.) ታሪክ ደግሞ ለወጣቶቻችን ደጋግመን የምንነግረው ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በሽምግልና የከበሩ ሶሓቦች ባሉበት ጦር ላይ ሃያ ዓመት እንኳ በቅጡ ያልሞላውን ይህን ወጣት አሚር አድርገው ሾሙት። እሳቸው ካረፉ በኋላ አቡበክር (ረ.ዐ.) ጦሩን ሲሸኙ ኡሳማ በግልቢያ፣ ኸሊፋው በእግር ነበሩ። ዑመር መዲና እንዲቀሩላቸው በፈለጉ ጊዜም ኸሊፋው አላዘዙም፤ ወጣቱን አሚር ፈቃድ ጠየቁ። ኸሊፋ ሆነው ሳለ! ማዕረግን ማክበር ማለት እንዲህ ያለ ነገር ነው ብለን እናምናለን፤ ማዕረጉ የልጁ ጌጥ ስለሆነ ሳይሆን የተሸከመው አማና ስለሆነ ነው።

በሱረቱል ሑጁራት 11ኛው አያ ላይ ሰዎች በመጥፎ ቅጽል ስም እንዳይጠራሩ አላህ (ሱ.ወ.) ከልክሏል። «ኢ-5» ስድብ ነው አንልም። ወላጅ በኩራት የሚለው ነው። ግን ቁጥሩ የሚመልሰው ጥያቄ «ምን ይሠራል?» የሚለውን ሳይሆን «ስንት ያገኛል?» የሚለውን መሆኑን ልብ በሉ።

ይህ ደግሞ ቤት ውስጥ ምን እንደሚያስከትል አይተናል። ፊደልም ቁርኣንም ከእኛ ዘንድ የቆጠረ አንድ ወጣት በዲቪ ሄዶ የምድር ጦሩ ባልደረባ ሆኗል። ሰርጀንት ነው፤ በደመወዝ ቋንቋ ኢ-5። የአሜሪካ ወታደሮች የደመወዝ ሠንጠረዥ በየዓመቱ ለማንም ክፍት ሆኖ ስለሚወጣ፣ አንድ ዘመድ በስልኩ ላይ እርከኑን ከአገልግሎት ዓመቱ ጋር አገናኘና የወር ገቢውን አወጣ። ወደ ብር መነዘረው። ከዚያ በኋላ በቤተሰቡ ውስጥ እያንዳንዱ ሰው ሒሳብ አዋቂ ሆነ። አንዱ ለባጃጅ፣ አንዱ ለቤት መሥሪያ፣ አንዱ ለሰርግ ጠየቀ። ግብሩን፣ ዕዳውን፣ የሚስቱንና የልጁን ወጪ ሠንጠረዡ አይናገርም። «ኢ-6 ሲሆንማ ከዚህ እጥፍ ይልካል» ተባለ፤ እርከኑ አንድ ሲጨምር ደመወዙ እጥፍ እንደማይሆን ያው ሠንጠረዥ እያሳየ! ልጁም ቀስ በቀስ ስልክ ማብዛቱን ተወ። አንድ ዒድ ጭራሽ ሳይደውል አለፈ። እናቱ ያን ቀን በር በሩን ስታይ ዋለች።

በረመዳን ለፈቃድ መጥቶ ከኢፍጣር በኋላ ስንቀመጥ አጎቱ ለእንግዶች «ይኸውላችሁ ኢ-5ታችን!» ብለው አስተዋወቁት። ልጁ ለታላቅ የሚገባውን አክብሮት ሳያጓድል፣ «አጎቴ፣ እዚያ እኮ እንዲህ ብሎ የሚጠራኝ የለም፤ የደመወዝ ወረቀቴ ላይ ብቻ ነው ያለው» አላቸው። «ታዲያ ምን ይሉሃል?» «ሰርጀንት።» «ሰርጀንት ምን ይሠራል?» ይህን ጥያቄ በዚያ ቤት የጠየቀ ሰው እስከዚያ ቀን አልነበረም።

ያን ጊዜ ነው ስለ ሦስቱ ወታደሮች የነገራቸው። ሦስት ልጆች በእሱ እጅ ናቸው። መተኛታቸውን፣ ጫማቸውን፣ ሕመማቸውን፣ ከቤተሰባቸው የመጣባቸውን ክፉ ወሬ ሁሉ እሱ ማወቅ አለበት፤ አንዱ ቢያረፍድ መጀመሪያ የሚጠየቀው እሱ ነው። አንደኛው ገና 19 ዓመቱ ነው። ሶላቱን በሰዓቱ ለመስገድ ጊዜ ሲያመቻች የነሱንም ፕሮግራም አብሮ ያሰላል። አጎትዬው ረጅም ጊዜ ዝም ካሉ በኋላ «እና አሥር አለቃ ማለት ነዋ» አሉ። ትርጉሙ በትክክል ቢወሰድ ሃምሳ አለቃ ይሆናል፤ ማንም ግን አላረማቸውም።

ከእንግዶቹ አንዱ ስለ ጦሩ ሼሆች ጠየቀ። እ.ኤ.አ. በ1993 ዐብዱረሺድ ሙሐመድ የተባሉ ሰው በአሜሪካ ምድር ጦር የመጀመሪያው ሙስሊም ቻፕሊን፣ ማለትም የወታደሮች የሃይማኖት አገልጋይ ሆነዋል። የቻፕሊን ነገር የሚገርመው፣ በምድር ጦሩ ደንብ መሠረት ትከሻው ላይ ያለው ማዕረግ ምንም ይሁን ምን ሰው የሚጠራው «ቻፕሊን» ብሎ መሆኑ ነው። ሻምበልም ሆነ ኮሎኔል ቢሆን ያው ነው። እኛ በመድረሳ «ኡስታዝ»፣ በመንግሥት ትምህርት ቤት «ቲቸር» እየተባልን የምንውል ሰዎች ይህ ደስ ይለናል። የደመወዝ ደረጃችንንማ ርእሰ መምህሩና ሒሳብ ክፍሉ ካወቁት ይበቃል።

ልጁ ተመልሷል። የገንዘቡ ጥያቄ ጨርሶ ቀርቷል ብለን አንዋሽም፤ የባጃጁ ነገር ገና ነው። ግን ስልኩ ይደውላል። እናቱ ከሰላምታ ቀጥሎ «እነዚያ ሦስቱ ልጆችህ እንዴት ናቸው?» ማለት ጀምራለች። አንደኛው በልምምድ ላይ ቁርጭምጭሚቱ ተጎድቶ ነበር አሉ፤ ባለፈው ጁሙዓ ስናገኛት «እስቲ ዱዓ አድርጉለት፣ የሰው ልጅ ነው» አለችን።