ያለ ሪፈር ወረቀት

ወገቤ መታመም የጀመረው ቀስ በቀስ ነው። ቀን ላፕቶፕ ላይ አቀርቅሬ እውላለሁ፤ ማታ ደግሞ የሁለት ዓመት ልጄን በአንድ ጎኔ ታቅፌ ወጥ አማስላለሁ። ለአንድ ወር ያህል «ነገ ይተወኛል» እያልኩ ቆየሁ። ሐኪም ቤት ያልሄድኩት ጣጣውን አስቤ ነው፦ ካርድ ማውጣት፣ ተራ መጠበቅ፣ ሪፈር ማጻፍ፣ ከዚያ ሌላ ቦታ ሄዶ እንደገና ካርድ ማውጣት። እማዬ ደግሞ መፍትሔዋ አንድ ነው፤ «የሰፈራችን ወጌሻ አንዴ ቢያሹሽ ይለቅሻል» ትለኛለች።

«ለምን በቀጥታ ፊዚዮቴራፒስት ጋ አትሄጂም?» ያለችኝ የሥራ ባልደረባዬ ናት። ያለ ሐኪም ወረቀት የሚቻል አይመስለኝም ነበር። አንድ ክሊኒክ ደውዬ ስጠይቅ «ባይኖርዎትም ይምጡ፣ እናይዎታለን» አሉኝ።

መታሸት ጠብቄ ሄድኩ፤ የገጠመኝ ግን ጥያቄ ነው። ወድቀሽ ታውቂያለሽ? ትኩሳት አለሽ? ያለ ምክንያት ከስተሻል? እግርሽ ይዝላል? ሽንት መቆጣጠር ያቅትሻል? ጭንሽ መካከል ይደነዝዝሻል? ሁሉንም «የለም» ስል ፊቱ ፈታ አለ። «ኤምአርአይ ልነሳ?» አልኩት። አብዛኛው የወገብ ሕመም ያለዚያ በሳምንታት ውስጥ እንደሚሻል ነግሮኝ፣ አራት እንቅስቃሴዎች አስተማረኝና በየግማሽ ሰዓቱ ከወንበሬ እንድነሳ አዘዘኝ። ከስድስት ሳምንት በኋላ ልጄን ያለ ሕመም አነሳሁ።

ብዙም ሳይቆይ እማዬ የውሃ ጀሪካን ስታነሳ ወገቧ ቀጭ አለባት። 66 ዓመቷ ነው። ወጌሻ ዘንድ ልትሄድ ስትነሳ ለምኜ እኔን ወዳከመኝ ልጅ ወሰድኳት።

«እናቴ፣ ሌሊት ከእንቅልፍ ይቀሰቅስዎታል?»

«ኧረ መች ተኝቼ!»

«ቁመትዎስ አጥሯል?»

እማዬ ሳቀች። «ቀሚሴ መሬት መጥረግ ጀምሯል። እኔ እኮ ልብስ ሰፊው ያስረዘመው መስሎኝ!»

እሱ ግን አልሳቀም። «ሐኪም ሳያያቸውና ራጅ ሳይነሱ እጄን አላሳርፍባቸውም» ብሎ ደብዳቤ ጻፈልን። ራጁ አንዱ የአከርካሪ አጥንቷ ተጨፍልቆ አሳየ፤ ምክንያቱ የአጥንት መሳሳት ነበር። ያን ቀን ወገቧ ተጭኖ ቢታሽ ኖሮ ምን ይሆን ነበር እያልኩ እስካሁን እጨነቃለሁ።

ፊዚዮቴራፒስት ጋ በቀጥታ መሄድ ሐኪምን መዝለል ይመስለኝ ነበር። ለእኔ ጊዜ ቆጠበልኝ፤ ለእማዬ ግን ወደ ሐኪም የሚወስደው መንገድ ሆነላት። ስለዚህ ስትመርጡ ከማሸቱ በፊት የሚጠይቀውን ምረጡ። የተማረ ባለሙያ መሆኑንና የሥራ ፈቃዱን መጠየቅም ነውር አይደለም። ሪፈር የሚጠይቅ ቦታም ሊኖር ስለሚችል አስቀድማችሁ ደውሉ። ሽንት መቆጣጠር ካቃታችሁ፣ ጭናችሁ መካከል ከደነዘዘ ወይም እግራችሁ እየዛለ ከሄደ ግን ቀጠሮ አትጠብቁ፤ በዚያው ሰዓት ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ።

እማዬ አሁን መድኃኒቷን ትወስዳለች፤ ቀሚሷም አጥሯል። ሐኪሟ እንቅስቃሴ እንድትጀምር ሲፈቅድላት ወደዚያው ልጅ ተመለሰች፤ በዚህኛው ጊዜ ሪፈር ወረቀቷን ቦርሳዋ ውስጥ አጣጥፋ ይዛ።