በፖቶማክ ዳርቻ፦ ቀጭን ክርና ከባድ ጥያቄ

ባለፈው የክረምት ዕረፍት አላህ አሳክቶልኝ በአሜሪካ፣ በቨርጂኒያ ግዛት፣ አሌክሳንድሪያ በተባለችው ከተማ በሚኖረው የአጎቴ ልጅ ቤት ሰንብቼ ነበር። ከተማይቱ ከዋሽንግተን በስተደቡብ፣ ፖቶማክ ወንዝ ዳር የተቆረቆረች ናት። በእሷና በአካባቢዋ አገራችን ሰው እጅግ ብዙ ስለሆነ እንጀራ ፍለጋ ሩቅ አያስኬድም።

የአጎቴ ልጅ ሌሊት ታክሲ ያሽከረክራል። የ14 ዓመት ወንድ ልጁ ቀን ትምህርት ቤት ይውላል። አንዱ ሲገባ ሌላው ይወጣል። ልጁ አማርኛ ይሰማል እንጂ መናገሩ ይከብደዋል። አባትና ልጅ አብረው የሚሆኑባት ሰዓት ቅዳሜ ከሱብሒ ሶላት በኋላ ያለችው ብቻ ናት፤ እሷንም የሚያሳልፏት አሳ በማጥመድ ነው። በመጀመሪያው ቅዳሜ «ኡስታዝ፣ ጫማህን አድርግ፤ ወንዝ እንወርዳለን» አለኝ። እኔም ዝዋይ ሐይቅ ዳር ያደግሁ ሰው ነኝና ሁለተኛ አላስጠራሁትም።

የሄድነው ጆንስ ፖይንት ወደሚባለው መናፈሻ ነው። ዉድሮው ዊልሰን የተባለው ግዙፍ ድልድይ ከራስ በላይ ያልፋል፤ ከሥሩ ለአሳ አጥማጆች የተሠራ መቆሚያ አለ። ያስገረመኝ ግን ውሃው ነው። ውቅያኖሱ እጅግ ሩቅ ሳለ፣ ወንዙ በዚያ ሥፍራ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፤ ሁለት ጊዜም ይጎድላል። ልዩነቱ አንድ ሜትር ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል። ውሃው ሲጎድል ከሣሩ መካከል ትናንሽ አሶች ይወጣሉ፤ አዳኙ ባስም ከሣሩ ጠርዝ ቆሞ ይጠብቃቸዋል። ስለዚህ አጥማጁ ከሰዓቱ እኩል የውሃውን ሰሌዳ ያያል።

ባስ ራሱ ለዚህ ወንዝ እንግዳ ነው። አፈ ትንሹ የሚባለው ዓይነት የመጣው እ.ኤ.አ. በ1854 በባቡር ተጭኖ፣ በሎኮሞቲቩ የውሃ ታንከር ውስጥ ሆኖ ነው ይባላል። ዛሬ እሱ ከዋሽንግተን በላይ ባለው ድንጋያማ ውሃ ሲኖር፣ አፈ ሰፊው ደግሞ እኛ በቆምንበት በታችኛው ክፍል ይገኛል። የሚለዩትም በመንጋጋቸው ነው፤ የአፈ ሰፊው መንጋጋ ከዓይኑ አልፎ ወደ ኋላ ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ1982 በዚሁ አካባቢ የታየው ሃይድሪላ የተባለው መጤ ሣርም መኖሪያ ሆኖታል።

አሁን ወደ መሣሪያው ልምጣ። የአጎቴ ልጅ መጀመሪያ አንድ ሱቅ ገብቶ «አሳ ማጥመጃ» ሲል፣ የጎረምሳ ክንድ የሚያህል የባሕር ዘንግ ሸጠውለት ነበር። በእሱ 5 ግራም የምትመዝን ነገር መወርወር በመጥረጊያ እንጨት ጠጠር እንደ መወርወር ነው። አሁን አስተማሪው ልጁ ሆኗል፤ እኔንም ያስተማረኝ እሱ ነው።

ጂግ ማለት አናቷ ላይ እርሳስ የፈሰሰባት መንጠቆ ናት፤ በላዩዋ ላይ ፀጉር ወይም የጎማ ቀሚስ ታለብሳለች፤ ከወንዙ በታች በድንጋይ መካከል የሚሄደውን ክሬይፊሽ የተባለ እንስሳ ትመስላለች። ቀላሏ ጂግ ከ3.5 እስከ 7 ግራም ትመዝናለች። ከዚህ የከበደች እንደሆነ በፍጥነት ትወርድና ሣር ውስጥ ትቀበራለች፤ ባስ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚይዛት ቀስ ብላ በመውረድ ላይ ሳለች ነው። ውሃው ጥርት ሲል ቡናማና አረንጓዴ፣ ሲደፈርስ ጥቁርና ሰማያዊ ቀለም ይመረጣል።

ዘንጉ ሁለት ሜትር ያህል፣ ጫፉ ቀጭንና ልል፣ ከመካከሉ በታች ግን ጠንካራ መሆን አለበት። ልሉ ጫፍ ቀላሏን ጂግ ለመወርወር ያግዛል፤ ጠንካራው ወገብ መንጠቆውን ለማስያዝ ነው። ክሩ ላይ ብዙ ክርክር አለ። ናይሎን ርካሽ ነው፣ ግን ይለጠጣል፤ አሳው ሲነካ እጅህ ዘግይቶ ይሰማል። የተጎነጎነው ክር እምብዛም አይለጠጥም፤ አሳው ሲተነፍስ እንኳ የሚሰማህ ይመስልሃል፤ ሆኖም በውሃ ውስጥ ይታያል። ፍሎሮካርቦን የተባለው ደግሞ ይሰምጣል፣ ብርሃንን የሚሰብረውም ለውሃ በቀረበ መጠን ስለሆነ ጎልቶ አይታይም። ልጁ 10 ፓውንድ የሚችል የተጎነጎነ ክር ማጠንጠኛው ላይ ጠቅልሎ፣ ከጫፉ አንድ ሁለት ሜትር የሚሆን ባለ 8 ፓውንድ ፍሎሮካርቦን ይቀጥልበታል። ቋጠሮውን ከማጥበቁ በፊት በምራቁ ያርሰዋል፤ በደረቁ ከተሳበ ሙቀቱ ክሩን ያዳክመዋልና። (እኔ ይህን ሳላደርግ ሁለት ጂግ ከስሬአለሁ።)

እርሳስ መርዝ ነው፤ የውሃ ወፎች ሲውጡት ይሞታሉ። ታንግስተን ዋጋው ውድ ቢሆንም ከእርሳስ ይልቅ እጅግ ይከብዳል፤ የእርሳስ እፍጋት 11.3 ሲሆን የእሱ 19.3 ነው። በመሆኑም ጂጓ በእኩል ክብደት ታንሳለች።

በሁለተኛው ቅዳሜ ነው ጥያቄው የመጣው። ልጁ አንድ ባስ አውጥቶ፣ በእርጥብ እጁ የታችኛውን መንጋጋ ይዞ፣ ትንሽ ካየው በኋላ ወደ ውሃው መለሰው። አባቱ ተቆጣ። «ልትበላው ካልሆነ አፉን ለምን ወጋኸው? አላህ የሰጠን ሲሳይ መጫወቻ ነው እንዴ?» አለ። ልጁም በእንግሊዝኛው «ሁሉንም ከገደልነው ምን ይቀራል? ደግሞስ በዚህ ወንዝ አሳ ውስጥ ኬሚካል ስላለ በየጊዜው አትብሉ ተብሎ ተጽፎ የለም?» አለ። እውነቱን ነው፤ ፒሲቢ በተባለው ኬሚካል ምክንያት የጤና ባለሥልጣናት ከወንዙ አሳ የሚበላውን መጠን ወስነዋል። ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ መድረሳ የተማርክ ነህ፣ ፍረድ!»

እኔ መምህር እንጂ ሙፍቲ አይደለሁም፤ ይህንኑም ነገርኋቸው። የውሃ አደን እንደተፈቀደልን በሱረቱል ማኢዳህ ተነግሯል፤ አሳ መታረድም አያሻውም። በሌላ በኩል ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ነፍስ ያለውን ነገር ዒላማ አድርጎ መጫወትን ከልክለዋል። ልቤ ያዘነበለው ወደ አባትየው ነው። ሆኖም ልጁ ጨካኝ አልነበረም፤ ከሦስታችን አሳውን በጥንቃቄ የያዘው እሱ ነው።

ተነጋግረን የተስማማነው እንዲህ ነው፦ ለመብላት ነይተው ይወርዳሉ፤ ለገበታ የሚሆን አንድ ከተያዘ ዘንጉ ይታጠፋል፤ ትንሹ ብቻ ይለቀቃል። ልጁ «አንድ አሳ ብቻ?» ብሎ አኮረፈ። ቢሆንም ዘዴውን ያመጣው ራሱ ነው። በፒንሳ የመንጠቆዎቹን ወደ ኋላ የዞረች ጥርስ ጨፈለቃት፤ አሁን መንጠቆው ሥጋ ሳይቀድ ይወጣል። ባለ 4 ፓውንዱን ክርም ጣለው፤ ክር ከልክ በላይ ሲቀጥን አሳው ብዙ ታግሎ ይደክማል፣ በተለይ በበጋ ሙቅ ውሃ፤ ከተበጠሰም መንጠቆው አፉ ውስጥ ይቀራል።

በመጨረሻው ቅዳሜ ደህና ባስ ያዘ። አባትየው ስቃዩ እንዳይረዝም አናቱን መቶ ወዲያው ገደለው። እናት ለብለብ አድርጋ አቀረበችው፤ ልጁ ከሁላችን ቀድሞ እጁን ሰደደ።

ስመለስ ሁለት ጂግ ሰጠኝ። ዝዋይ ላይ ሞከርኋቸው። ቆሮሶ ምግቡ በአብዛኛው አልጌ ነውና ዞር ብሎም አላያቸው። አምባዛ ግን አንዷን ይዞ፣ በስስት ያልቀየርሁትን አሮጌ ናይሎን በጥሶብኝ ሄደ። ጥርሷ የተጨፈለቀ ስለሆነ ሳትወልቅለት አልቀረችም ብዬ አስባለሁ። ሁለተኛዋ በመምህራን ክፍል፣ በመሳቢያዬ ውስጥ አለች፤ ክር እስክገዛ ድረስ።