ስም የማይጻፍበት መጠይቅ

በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ስለ መምህራን የሥራ ሁኔታ የሚዘጋጅ የጽሑፍ መጠይቅ ብዙ ጊዜ “ስምዎን መጻፍ አያስፈልግም” በሚል ማሳሰቢያ ይከፈታል። ማሳሰቢያው የጥናት ሥነ ምግባር ቃል ኪዳን ነው። ከሥሩ ግን ጾታ፣ ዕድሜ፣ የትምህርት ደረጃ፣ የአገልግሎት ዘመንና የሚያስተምሩት የትምህርት ዓይነት ይጠየቃሉ። በትምህርት ቤቱ ያለችው የፊዚክስ መምህርት አንዲት ብቻ ከሆነች፣ ሁለት ቦታ ላይ የራይት ምልክት ስታኖር ስሟን ጻፈች ማለት ነው።

ወረቀቱ የሚሄድበት መንገድም ከጥያቄዎቹ ያላነሰ ይናገራል። ተመራቂው የትብብር ደብዳቤውን ለርእሰ መምህሩ ያቀርባል፤ ጊዜ ስለሚያጥረውም ቅጂዎቹን እዚያው ትቶ ይሄዳል። መጠይቁ ከርእሰ መምህሩ እጅ ወጥቶ ወደዚያው እጅ ይመለሳል። የመምህርቷ የሥራ አፈጻጸም የሚመዘነው፣ የዝውውር ማመልከቻዋም የሚያልፈው በዚሁ ቢሮ ነው። እንግዲህ “አመራሩ ለመምህራን በቂ ድጋፍ ያደርጋል” የሚል ዓረፍተ ነገር ሲቀርብላት፣ መልሷን የምትጽፈው ለተመራማሪው አይደለም።

ሬንሲስ ሊከርት በ1932 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቀው ባለ አምስት ደረጃ መለኪያ ለእንዲህ ያለው ሥጋት መሸሸጊያ አለው፤ እርሱም መካከለኛው ሣጥን ነው። “ለመወሰን እቸገራለሁ” ያለ መምህር ሐሳብ የሌለው ሊሆን ይችላል፤ ሐሳብ ኖሮት መናገር የፈራም ሊሆን ይችላል። አማካዩ 3 ሆኖ ሲሰላ የሁለቱ ልዩነት ይጠፋል። የመመረቂያ ጽሑፉም “የመምህራን የሥራ እርካታ መካከለኛ ነው” ብሎ ይደመድማል። ፍርሃትም በሠንጠረዡ ውስጥ እርካታ ተብሎ ይቆጠራል።

ማስተካከያው ብዙ ወጪ አይጠይቅም። የግል መረጃ ለትንተናው በሚያስፈልገው መጠን ብቻ ይጠየቅ፤ ዕድሜና አገልግሎትም በሰፋፊ እርከን ይከፈሉ። መልሱ በታሸገ ፖስታ፣ በራሱ በተመራማሪው እጅ ይሰብሰብ። ከስሜት ጥያቄዎች ጎን የሚቆጠር ነገር ይግባ፦ ባለፈው ሳምንት ስንት ክፍለ ጊዜ ተስተማረ? በስንት ፈረቃ? በአንድ ክፍል ስንት ተማሪ፣ ለስንት ተማሪስ አንድ መጽሐፍ ነበረ? እንዲህ ያለው ጥያቄ መምህሩን አለቃውን እንዲያመሰግን ወይም እንዲከስ አያስገድደውም።

የመጨረሻው ግዴታ ከምረቃ በኋላ የሚመጣ ስለሆነ በቀላሉ ይዘነጋል፤ ውጤቱን ወደ መምህራን ማረፊያ ክፍል መልሶ መውሰድ። መልስ ሰጥታ ምንም ያልሰማች መምህርት፣ በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ተመራቂ ሌላ ወረቀት ይዞ ሲመጣ፣ ጥያቄውን ሳታነብ መካከለኛውን ሣጥን ብትሞላ የሚወቅሳት አይኖርም።