ከባሕር ወለል በታች

ይኸን የምንጽፈው ሦስት ነን፤ ሦስታችንም ባሕር አይተን አናውቅም። አንዳችን ያደገው ጣና ዳር ነው፤ አንዳችን ወሎ፣ ከሐይቅ ከተማ አጠገብ ነው፤ ሦስተኛው ግን ከወንዝና ከጉድጓድ ሌላ ውሃ አያውቅም። እንግዲህ በትርጉም ኮርስ ላይ ዕጣ ሲወጣ ለአንዱ ግሩፕ ግጥም፣ ለሌላው የቼኾቭ አጭር ታሪክ ሲደርሰው፣ የእኛዋ ብጣሽ ወረቀት ስትገለጥ ምን ብትል ጥሩ ነው? «በሕግ የተጠበቁ የባሕር ፍጥረታት ስርጭትና የባሕር ወለል መኖሪያዎች ካርታ አነሣሥ»! ክፍሉ በሳቅ አውካካ። «መርከበኞቹ» የሚል ስም ያን ዕለት ወጣልን፤ እስከ ዛሬም በካፌው ሰልፍ ላይ የምንጠራው በዚሁ ነው።

መሳቁን ይሳቁ። እኛ ግን ገና ከርእሱ ጋር ተጣላን። «የባሕር ወለል» ማለት ምን ማለት ነው? ልጆች ሆነን «አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,355 ሜትር ከፍታ ላይ ትገኛለች» እያልን በቃላችን ስናነበንብ የነበረው ስለ ውሃው የላይኛው ፊት ነው። ይኸው መመሪያ የሚያወራው ደግሞ ከውሃው ሥር ስላለው መሬት ነው። ለላይኛው «ጠለል» የሚል ቃል መኖሩን እናውቃለን፤ ሰው ግን ሁለቱን እያፈራረቀ ይናገራል፣ ይጽፋልም። እስቲ አስቡት፤ በሁለቱ መካከል በአማካይ 3,700 ሜትር ያህል ውሃ አለ፤ አንዲት ቃል ግን ላዩንም ታቹንም ትጠራለች። ቋንቋውን አንወቅስም። እኛ ደገኞች ባሕርን የምንጠራው የራሳችንን ከፍታ ለመለካት ነው፤ ከእርሱ ስንት እንደ በለጥን ለማወቅ። ምጽዋና አሰብ ከአገራችን ካርታ የወጡት በ1993 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ የምንሰጠው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው)፤ እኛ ደግሞ የተወለድነው ከዚያ ብዙ ዘግይተን ነው። በመጨረሻ ለታችኛው «የባሕር ግርጌ» አልንና ተገላገልን።

ግርጌስ ቢሆን እኛ የለንም ወይ? አለን እንጂ! አፋር ውስጥ የዳናኪል ረባዳ ከባሕር ጠለል በታች ከመቶ ሜትር በላይ ይወርዳል። የዛሬ 120 ሺህ ዓመት ገደማ ቀይ ባሕር እዚያ ድረስ ገብቶ ነበር። ያን ጊዜ የበቀለው ኮራል ዛሬ ድንጋይ ሆኖ በረሃው ዳር ቆሟል። አያቶቻችን በገንዘብነት ሲገበያዩበት የኖሩት አሞሌም ከዚያው ከተነነው ውሃ የቀረ ጨው ነው። ይኸን ለመምህራችን ስንነግራቸው «መልካም ነው፤ ትርጉሙስ የት ደረሰ?» አሉን።

ትርጉሙ የሄደልን አንዲት ሴት ካገኘን ወዲያ ነው። ሜሪ ታርፕ ትባላለች፤ በ1950ዎቹ መጀመሪያ በኒው ዮርኩ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የምትሠራ የከርሰ ምድር አጥኚ ነበረች። መርከብ ከላይ ሆና ድምፅ ወደ ታች ትልካለች፤ ድምፁ በውሃ ውስጥ በሴኮንድ 1,500 ሜትር ያህል ይሮጣል፤ ገደል ማሚቶው እስኪመለስ የፈጀው ጊዜ ጥልቀቱን ይናገራል። ይኸን ቁጥር ወንዶቹ ከባሕር ያመጣሉ፤ ሴት ግን በምርምር መርከብ ላይ እንድትወጣ አይፈቀድላትም ነበርና ታርፕ ጠረጴዛዋ ላይ ተቀምጣ ቁጥሩን ወደ ሥዕል ትለውጣለች። እንዲህ ስትነድፍ ነው በአትላንቲክ መካከል በሚሄደው ተራራ አናት ላይ ስምጥ ሸለቆ ያየችው። የሥራ ባልደረባዋ ብሩስ ሂዘን መጀመሪያ የሴት ወሬ አድርጎ ናቀው። በኋላ ግን ሌላው ሠራተኛ፣ ሃዋርድ ፎስተር፣ የመሬት መንቀጥቀጥ የደረሰባቸውን ቦታዎች ለብቻው ሲነድፍ ነጠብጣቦቹ በሸለቆው መስመር ላይ ተሰልፈው ተገኙ። ያ ስንጥቅ የኛው የስምጥ ሸለቆ ዘመድ መሆኑ ደግሞ ታወቀ፤ መስመሩ በኤደን ባሕረ ሰላጤና በቀይ ባሕር በኩል እየዞረ ወደ አፋር ይገባል። የዓለምን የባሕር ግርጌ በሙሉ የሚያሳየው፣ ኦስትሪያዊው ሃይንሪሽ ቤራን ቀለም የቀባው ትልቁ ካርታ የወጣው በ1977 ነው። እርሷ ግን በምርምር መርከብ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣችው በ1968 ነበር። ለእኛ ለደረቆቹ መርከበኞች ይህ ምን ያህል መጽናኛ እንደ ሆነ መገመት አያዳግትም።

ጥልቀት ብቻውን ግን መኖሪያ አይደለም። መመሪያው ብዙውን ገጽ የሚጨርሰው በዚህ ነው፤ እኛ ባጭሩ እንለፈው። ካሜራ ወደ ታች ይወርዳል፤ የብረት መንጋጋ ጭቃና አሸዋ ዘግኖ ያወጣል፤ ከዚያ ብርሃኑ ይህን ያህል ከሆነ፣ ሞገዱና አፈሩ እንዲህ ከሆነ፣ እዚህ የባሕር ሣር ይበቅላል፣ እዚያ ኮራል ይይዛል እየተባለ ያልታየው ከታየው ይገመታል። ግምት ነው እንጂ ሌላ ምን ይደረግ? የዓለምን የባሕር ግርጌ በሙሉ ለማንሣት የታሰበው «ሲቤድ 2030» የሚባለው ሥራ በ2017 ሲጀመር በደንብ የተለካው 6 በመቶ ያህል ብቻ ነበር። በ2025 ከ27 በመቶ ጥቂት አለፈ።

«ታዲያ ለምን ይደክማሉ?» ብለን ነበር። መልሱን በስኮትላንድ አገኘነው። በ1998 ከአገሩ ሰሜን ምዕራብ፣ 1,000 ሜትር ያህል ጥልቀት ላይ፣ ኮራል የተሸከሙ ጉብታዎች ተገኙ፤ የዳርዊን ጉብታዎች ተባሉ። ብርሃን በማይደርስበት ብርድ ውስጥ ኮራል! ቀጥሎ በተደረገው ምርመራ ደግሞ በግርጌው ላይ የሚጎተቱ የዓሣ መረቦች ጠባሳ በጉብታዎቹ መካከል ተጋድሞ ታየ። የአውሮፓ ኅብረት በ2003 መረብ መጎተቱን በአስቸኳይ ከለከለ። ያልተነሣውን ጉብታ ማን ይከለክልለት ነበር? የመረቡ ባለቤትስ ቢሆን ምን እንደ ሰበረ በምን ያውቃል?

እንግዲህ ወደ ጥፋታችን እንምጣ። በመመሪያው መጨረሻ የካርታው የቀለማት መግለጫ አለ። አንዱ ቀለም ፍጥረቱ የተገኘበት ነው፤ ሁለተኛው ተፈልጎ ያልተገኘበት ነው፤ ሦስተኛው ጭራሽ ማንም ያልፈለገበት ነው። ሰዓቱ ከሌሊቱ ስምንት ሆኖ ነበር፤ ሁለተኛውንም ሦስተኛውንም «የለም» ብለን ጽፈን ተኛን። ወረቀቱ ሲመለስ በቀይ ቀለም አንዲት ጥያቄ ተጽፋበታለች፦ «ፈልጎ ማጣትና አለመፈለግ አንድ ናቸው?»

ሁለታችን ስለ ተቀነሰብን ማርክ ስናጉረመርም የሐይቁ ልጅ ዝም አለ። ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተውና ሳይበላ ወደ ዶርም ወጣ። ማታ ነው የነገረን። እኅቱ ባሕሬን ከገባች ሁለት ዓመት ሆኗታል፤ በሰው ቤት ነው የምትሠራው። ስልኳ ከተዘጋ አራተኛ ወሩ ነበር። የላካት ደላላ አያነሣም። እናቱ በደወሉ ቁጥር «ደህና ናት» ይላቸዋል። ባንድ ዶርም እየኖርን ይኸን አለማወቃችን አሳፈረን። «ሰዉ ሁሉ የለችም እያለ ነው የሚያወራኝ» አለን፤ «የፈለጋት ሰው ግን አንድም የለም።»

በማግሥቱ ላይብረሪ ገብተን ስለዚያው ስለ ባሕሬን ባሕር እናነብ ጀመር፤ ሌላ ልናደርግለት የምንችለው ነገር አልነበረንምና። መመሪያው ከሚጠቅሳቸው ጥብቅ ፍጥረታት አንዱ ዱጎንግ ነው፤ ዓረቦቹ «የባሕር ሙሽራ» ይሉታል፣ «የባሕር ላም» የሚሉትም አሉ። ላም መባሉ ይስማማዋል፤ ሦስት ሜትር ያህል ይረዝማል፣ የሚግጠውም የባሕር ሣር ነው፤ ሣሩን እየነቀለ የሄደበት መንገድ በግርጌው ላይ እንደ ትልም ተሰምሮ ይቀራል። የምትወልደው በየጥቂት ዓመቱ አንድ ብቻ ስለ ሆነ ከሞቱ የሚተኩት ቀስ ብለው ነው። በ1983፣ በኢራንና በኢራቅ ጦርነት ጊዜ፣ ከኖውሩዝ የነዳጅ ጉድጓዶች ዘይት ወደ ባሕረ ሰላጤው ፈሰሰና ከ30 በላይ ሬሳ ዳር ላይ ተገኘ። ከዚያ ወዲያ እዚያ ባሕር ውስጥ የቀረው እፍኝ የማይሞላ ነው የሚሉ ነበሩ። በ1986 ግን አንቶኒ ፕሪን የተባለ አጥኚ በአውሮፕላን እየተመላለሰ ባሕሩን አሰሰ። በባሕሬንና በቀጠር መካከል ባንድ ላይ ከ600 በላይ የሆኑበት መንጋ ታየ! በጠቅላላው በሺሕ የሚቆጠሩ እንዳሉ ተገመተ፤ ከአውስትራሊያ ቀጥሎ በዓለም ትልቁ ስብስብ ማለት ነው። እፍኝ አይሞሉም ሲባል ሁሉም እዚያው ሣራቸውን እየጋጡ ነበር።

ይኸን ለሐይቁ ልጅ ያነበብነው ልናጽናናው ነበር። ሰው ከላም ጋር ተነጻጸረ ብሎ እንዳይቀየመን ፈርተን ነበር፤ እርሱ ግን ጸሐፊው በአውሮፕላን ስንት ቀን እንደ በረረ ጠየቀን።

ቃሉን ለማረም ተቀመጥን። ለሦስተኛው ቀለም «አልተፈለገም» እንበል አለ አንዳችን። ስንጽፈው ግን ሌላ ሆኖ ተነበበ፤ በኛ ቋንቋ «አልተፈለገም» ማለት ማንም አልፈለገውም፣ አላስፈለገም ማለትም ነው። «እኅቴን እንዲህ አልላትም» አለ፤ ስለ ካርታው እየተነጋገርን መሆኑን ረስቶታል፣ እኛም አላስታወስነውም። እስከ እኩለ ሌሊት ተሟግተን «ያልታሰሰ» ላይ ጸናን። «ተፈልጎ የታጣ»፣ «ያልታሰሰ»። ካርታውን ከዚህ ጽሑፍ ጋር ልናወጣው አስበን ነበር፤ የመጽሔታችን ማባዣ ግን ጥቁር ብቻ ነው የሚያትመው። ሁለቱ ቀለማት ነጭ ሆነው ሊወጡ ነው ሲሉን ተውነው።

ባለፈው ዓርብ ማታ በማናውቀው ቁጥር ስልክ ጮኸ። እርሷ ናት። የበፊቶቹ ቤት ሰዎች ስልኩን ቀምተዋት እንደ ነበር፣ አሁን ሌላ ቤት እንደ ገባች፣ የምትደውለው በአንዲት የጎንደር ልጅ ስልክ እንደ ሆነ ባንድ ትንፋሽ ነገረችው። አልቅሶ ሲያበቃ የሚለው ጠፋውና፣ ከነገር ሁሉ መርጦ፣ «እታለም፣ እዚያ ባሕር ላይ ላም አይተሽ ታውቂያለሽ?» አላት።

«ወንድምዓለም፣ ምን ነካህ?» አለችው። «እኔ ባሕሩን ያየሁት ከአውሮፕላን ስወርድ አንድ ቀን ነው። የወጥ ቤቱ መስኮት የሚያሳየው ግድግዳ ነው። ስለ ላም የሚያስተምርህ ካጣህ አባባ ነበሩልህ፤ ዩኒቨርሲቲ ድረስ ምን አስኬደህ?»

አገሩ እኮ ስሙ ራሱ በዓረብኛ «ሁለት ባሕሮች» ማለት ነው።

አራት ደቂቃ ካወሩ በኋላ ካርዱ አለቀ። ቁጥሩን ያገኘው ወረቀት ላይ፣ በካርታችን ረቂቅ ጥግ፣ በእርሳስ ጽፎት ነበር። ሰኞ ማስረከብ ስላለብን ካርታውን ዛሬ ማታ እንደ ገና በሌላ ወረቀት እንነድፋለን፤ ያንን ረቂቅ አልሰጥም ብሏል።