ቀይዋ መኪና እና የደሴ መንገድ



ውድ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ ራሴ ነው። ነገሩን ለዓመታት በሆዴ ይዤው ቆይቻለሁ። አንድ ሹፌር እንኳ አንብቦት ፍጥነቱን ከቀነሰ ይበቃኛል ብዬ ነው አሁን ያወጣሁት።

በአንድ የአዲስ አበባ መስጂድ የኢማሙ ረዳት ነኝ። አዛን እላለሁ፣ ልጆች አስቀራለሁ፣ የጀናዛ መኪናውንም የምነዳው እኔ ነኝ። መንጃ ፈቃድ ያወጣሁትም ለዚሁ ሥራ ነው። ሰው ወደ ቀብር ሲሸኝ ማንም ፍጠን አይለኝም፤ ስለዚህ ራሴን ረጋ ያለ ሹፌር አድርጌ ነበር የማየው። ረጋ ያልኩት ግን መኪናዋ አሮጌ ስለሆነች መሆኑን ያወቅኩት በ2010 ዓ.ም. ነው።

የዚያ ዓመት የረመዷን ዒድ ባለፈ በሳምንቱ የአጎቴ ልጅ ደወለልኝ። በልጅነቱ ከሐርቡ ወጥቶ፣ በባቲ በኩል አድርጎ፣ በበረሃና በባሕር ስንት አይቶ ዐረብ አገር የገባ ልጅ ነው። አላህ ከፈተለትና ዱባይ ላይ ነጋዴ ሆነ። አሁን ደግሞ አዲስ የስፖርት መኪና አስገብቷል። «ኡስታዝ፣ ለአባባ ላሳየው ነው። አብረኸኝ ሂድ፣ ብቻዬን መንገዱን እፈራዋለሁ» አለኝ።

መኪናዋ ቀይ ናት። ሁለት በር፣ ሁለት ወንበር፣ ቁመቷ ከወገቤ ብዙም አያልፍ። የከፈለውን ቀረጥ ሲነግረኝ «በዚህ ስንት መስጂድ ይሠራ ነበር!» ልል ብዬ ምላሴን ያዝኩ። ሰው በሐላል ያገኘውን ቢያምርበት ነውር የለውም። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ስለ ኩራት ሲያስተምሩ፣ ልብሱና ጫማው እንዲያምርለት ስለሚወድ ሰው ተጠይቀው፣ አላህ ውበትን እንደሚወድ፣ ኩራት ማለት ግን እውነትን አለመቀበልና ሰውን መናቅ እንደሆነ መልሰዋል። ሐዲሡ በሙስሊም ዘገባ ይገኛል። ይህን ለልጆች ስንት ጊዜ አስቀርቼዋለሁ!

ከሱብሒ በኋላ የጉዞውን ዱዓ ቀርተን ተነሳን። ሰንዳፋን፣ ሸኖን፣ ደብረ ብርሃንን አልፈን ጣርማበር ስንደርስ ጭጋጉ መንገዱን ሸፈነው። የአጎቴ ልጅ እጁ መሪው ላይ ደረቀ። «የምድረ በዳ አስፋልት ነው የለመድኩት፣ አንተ ያዝልኝ» ብሎ ዳር አቆመና ቦታ ተለዋወጥን።

የደሴን መንገድ የማያውቅ ካለ ትንሽ ልበል። መንገዱ ከአስፋልቱ በፊትም መንገድ ነበር። ከጣርማበር ቁልቁል የሚታየው ቆላ የይፋት ሱልጣኔት አገር ነው። በ13ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ የተነሳው የወላስማ ሥርወ መንግሥት ሱልጣኖች የገዙት ይህንን ምድር ነው። የከተሞቻቸውና የመስጂዶቻቸው ፍርስራሽ ዛሬም በሸዋ ሮቢት አካባቢ ኮረብታዎች ላይ አለ። ሲራራ ነጋዴው በዚያ ቆላ ተመላልሷል። ኪታብ ፈላጊው ደረሳም ስንቁን በትከሻው አንጠልጥሎ ወደ ወሎ የዕውቀት መንደሮች፣ ወደ ዳና፣ ወደ ጌታ፣ ወደ ጀማ ንጉሥ በእግሩ ተጉዟል።

በ1928 ዓ.ም. የማርሻል ባዶሊዮ ጦር ከደሴ ወደ አዲስ አበባ ሲገሰግስ ከሺህ በላይ መኪና አሰልፎ መጣ። እዚሁ ጣርማበር ላይ ግን መንገዱ ተንዶ ጠበቀው። ያ ሁሉ ሞተር ቆሞ ወታደሩ በአካፋ መንገድ ሲጠግን ሰነበተ። ከተማዋን ከያዙ በኋላ ነው ተራራውን በስተው ዋሻውን ያወጡት፣ መንገዱንም በዘመናዊ መልክ የሠሩት። በመኪና ተኩራርተው የመጡት አምስት ዓመት ቆይተው ሄዱ። ዋሻው ቀረ፤ ዛሬ የጤፍ አይሱዙ ያልፍበታል።

እኛም መብራት አብርተን ዋሻውን አለፍን። ወዲያ ማዶ ስንወጣ ጭጋጉ ሳሳ፣ ደብረ ሲና ከታች ታየች። ጠመዝማዛውን በዝግታ ወረድኩ። ሸዋ ሮቢት ስንደርስ ሙቀቱ ተቀበለን። ልጆች እየጮኹ ከኋላችን ሮጡ፣ ሻይ ቤት የተቀመጠው ሰው ሁሉ ዞረ።

እውነቱን ልናገር? ደስ አለኝ። ኮፊያዬን አስተካከልኩ። መስታወት ውስጥ ራሴን አየሁ። የጀናዛ መኪና ስነዳ ሰው ዓይኑን ያሸሻል፤ ያን ቀን ግን ዓይን ሁሉ እኔ ላይ ነበር። መኪናዋ የእኔ አይደለችም፣ ኩራቱ ግን የራሴ ነበር።

ጀውሃን እንዳለፍን ወደ ሰንበቴ የሚወስደው ሜዳ ተዘረጋ። የአጎቴ ልጅ «እስቲ ሞክራት፣ ለዚህ እኮ ነው የተሠራችው» አለኝ። ረገጥኩ። ድምፅ የላትም፣ መንቀጥቀጥ የላትም። መለኪያው 140 ላይ ደረሰ።

ሁለት ልጆች ከግራሮቹ ሥር ወጡ። ሉሐቸውን በብብታቸው ይዘዋል። ደረሶች ናቸው። አንደኛው መኪናዋን አየና በሩቅ ናት ብሎ መሻገር ጀመረ። አልተሳሳተም፤ እሱ የሚያውቀው የአይሱዙን ፍጥነት ነው። ልጅ ርቀትን እንጂ ፍጥነትን አይለካም። 140 ላይ ያለች መኪና ደግሞ በአንድ ሰከንድ ወደ 40 ሜትር ትበላለች። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ፍሬን ከተያዘ በኋላ ለመቆም የሚያስፈልገው ርቀት አራት እጥፍ መሆኑንም በመንጃ ፈቃድ ትምህርት ተምሬው ነበር። ቢስሚላህ ብዬ ሳልጨርስ ልጁ ፊቴ ነበር።

ፍሬኑን ስረግጥ መኪናዋ ጮኸች። ልጁ ወደ ኋላ ዘለለና ቦዩ ውስጥ ወደቀ። አልነካሁትም። አልሐምዱሊላህ፣ አልነካሁትም። በመካከላችን የነበረው ግን ሁለት ክንድ አይሞላም።

ወርጄ ሮጥኩ። አሥር ዓመት ቢሆነው ነው። ጉልበቱ ተልጧል፣ ሉሑ ለሁለት ተሰንጥቋል። አያለቅስም። የተሰነጠቀውን እንጨት አንዱን ካንዱ እየገጠመ «ሼሆቹ ይቆጡኛል» ይላል። ጓደኛው ከርቀት ቆሞ ያየናል። ከዚያ ልጁ ቀና ብሎ ኮፊያዬንና ጢሜን አየና «ኡስታዝ ነህ እንዴ?» አለኝ።

አዎ ማለት አቃተኝ። «ሹፌር ነኝ» አልኩት።

እኔም እኮ በዚያ ዕድሜዬ በዚሁ መንገድ ዳር፣ ከከሚሴ ወዲያ፣ ሉሕ ይዤ እሄድ ነበር። መኪና ባለፈ ቁጥር አቧራውን የምጠጣው እኔ ነበርኩ። «እነዚህ ሰዎች እኛን አያዩንም» እንባባል ነበር። አሁን የማላየው እኔ ሆኜ ተገኘሁ።

የአጎቴ ልጅ ብር አውጥቶ ሰጠው። እኔ ግን ሉሑን ይዤ ከልጆቹ ጋር ሼኻቸው ዘንድ ሄድኩ። በዕድሜ የገፉ፣ ቀጭን ሽማግሌ ናቸው። የሆነውን ሳልደብቅ ነገርኳቸው። ዝም ብለው ሰሙኝና «ልጄ፣ ሉሑ እንጨት ነው፣ ይተካል። ይህ ልጅ ግን ለእናቱ አንድ ነው» አሉኝ። ከዚህ በላይ አልተናገሩኝም። ቢቆጡኝ ይቀለኝ ነበር።

ወንድሞቼ፣ መስጂዳችን ሰው ገጭተው የገደሉ ሹፌሮች ለጥያቄ ይመጣሉ። ኢማሙ ሲያነጋግሯቸው አጠገባቸው እቀመጣለሁ። በስህተት ነፍስ ያጠፋ ሰው ያለበት ግዴታ በሱረቱ ኒሳእ 92ኛው አንቀጽ ተደንግጓል፤ ለሟች ቤተሰብ ካሳ (ዲያ)፣ ከዚያም ነፃ የሚያወጣው ባሪያ ላላገኘ ሁለት ወር በተከታታይ መጾም። በዘመናችን ያሉ ዑለሞችም በሹፌር ጥፋት የሚደርስን ሞት በዚሁ ሥር ያዩታል። እነዚያ ሹፌሮች ግን የሚያለቅሱት ለጾሙ አይደለም። «ቀደሩ ነው» ሲባሉም አይጽናኑም። እግራቸው የት ላይ እንደነበረ እነሱ ያውቃሉ። ቀደር ከሆነ በኋላ የምንታገሥበት እንጂ ከመሆኑ በፊት ቤንዚን የምንረግጥበት ምክንያት አይደለም።

ሉቅማን ልጁን በምድር ላይ በኩራት እንዳይሄድ፣ በአካሄዱም ልከኛ እንዲሆን መክሮታል። እኔ ይህን አንቀጽ ለእግረኛ ብቻ የወረደ ይመስል ነበር የማስቀራው። ዛሬ አካሄዳችን በጎማ ነው። መንገድ ላይ የሚቀመጥ ሰው እንኳ የመንገዱን ሐቅ እንዲጠብቅ፣ ሰውንም ከማስቸገር እንዲታቀብ ታዟል። በ140 የሚበርማ እንዴት ነው? ያን ዕለት ሱብሒ ላይ የቀራነው ዱዓስ መጨረሻው ምንድን ነው? መጓጓዣውን ላገራልን ጌታ ምስጋና ካቀረብን በኋላ የምንዘጋው ወደ እሱ ተመላሾች መሆናችንን በመመስከር ነው። አዲስ አበባ ላይ ቀራሁት፤ ጀውሃ ላይ ረሳሁት።

ከዚያ ወዲህ በዝግታ ነዳሁ። አታዬን፣ ከሚሴን አለፍን፤ ሁለታችንም ብዙ አላወራንም። ሐርቡ ደርሰን ወደ መንደሩ ወደሚያስገባው ጥርጊያ ስንታጠፍ የመኪናዋ ሆድ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ገና ሃምሳ ሜትር አልሄድንም ነበር። ገፍተን አወጣናት፣ አስፋልቱ ዳር ለአንድ ባለ ሱቅ አደራ ሰጠናት። ያ ሁሉ ቀረጥ የተከፈለባት መኪና ቤት አልደረሰችም። እኛ በእግራችን ገባን።

አጎቴ በር ላይ ተቀምጠው ነበር። ልጃቸው እግራቸው ላይ ወደቀ። ትንሽ ቆይቶ «አባባ፣ መኪና ይዤ መጥቻለሁ፣ ወርደው ይዩልኝ» አላቸው። «አንተ በደህና መጥተሃል፣ ሌላ ምን ላይ ብዬ ነው የምወርደው?» አሉት። እኔ «በደህና» የምትለዋን ቃል ስሰማ ፊቴን አዞርኩ።

የአጎቴ ልጅ ወሩ ሳይሞላ መኪናዋን ሸጠ፤ ቀረጧንም አልመለሰችለትም። እኔ ወደ አሮጌዋ የጀናዛ መኪና ተመለስኩ። ስመለስ አንድ ሉሕ አሠርቼ ለዚያ ልጅ ላክሁለት። መንገዱ ከዚያ በኋላ ብዙ መከራ አይቷል። ልጁ ዛሬ የት እንዳለ አላውቅም፤ አላህ ባለበት ይጠብቀው።

ሹፌር ወንድሜ ሆይ፣ መንደር አጠገብ፣ መድረሳ አጠገብ፣ መስጂድ አጠገብ ስታልፍ እግርህን አንሳ። ልጁ ፍጥነትህን አያውቅም፤ አንተ ግን ታውቃለህ።

ያ አላህ፣ መንገዳችንን ሰላም አድርግልን። በእጃችን የሰው ደም ሳይኖር ወደ አንተ መልሰን። ኣሚን። ወላሁ አዕለም።